ጉድለቱ የሚታየው መቼ ነው? የጥራት ፍተሻ አሠራር በድሬዳዋና በሐረር

በድሬዳዋው የከፊራ ገበያ ማሽላ ለመግዛት የመጣች እናት የጆንያውን አፍ ከፍታ ላዩን አይታ ብቻ ዋጋ አትጠይቅም። እጇን እስከ ክርኗ ከታ ከሥር ትዘግናለች፣ የዘገነችውን በመዳፏ ላይ ዘርግታ ነቀዝና ጠጠር ትፈልጋለች፣ ታሸተዋለች፣ በመጨረሻም አንድ ሁለት ፍሬ በጥርሷ ሰብራ ታረጋግጣለች። ደረቅ እህል ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥቡ ከጥርስ ሥር ይለመጣል። ናሙና ከጥልቀት ወሰደች፣ ባዕድ ነገር ፈተሸች፣ ሽታ መረመረች፣ እርጥበት ለካች፤ ሁሉንም ያደረገችው ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት ነው።

ይህ ጽሑፍ በጥራት ፍተሻ ሥራ ላይ አዲስ ለተመደቡ ባለሙያዎችና ምርታቸውን ራሳቸው መፈተሽ ለሚፈልጉ አነስተኛ አምራቾች የተዘጋጀ ነው። አካባቢያችን ለዚህ ሥራ ሰፊ ትምህርት ቤት ነው፤ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ሲሚንቶ ሲመረት፣ ልብስ ሲሰፋ፣ ምግብ ሲቀነባበርና የሐረር ቡና ተፈትሾ ወደ ጅቡቲ ለመሻገር ሲጫን ማየት ይቻላል። ሙያው በየዘርፉ የተለያየ መስሎ ቢታይም፣ በየትኛውም ቦታ ቢመደቡ በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ የዚህ ምርት ጉድለት የሚታየው መቼ ነው? መልሱ ምን ዓይነት ናሙና፣ ከየት፣ ስንት ጊዜና በምን መሣሪያ መውሰድ እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

ጉድለቱ ፈጽሞ በዓይን ከማይታይበት ሥራ እንጀምር። በባቢሌ፣ በፈዲስና በጉርሱም የሚመረተው ኦቾሎኒ በአካባቢያችን የታወቀ ነው፤ ዋና ጠላቱም አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ነው። መርዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሰብሉ ሊደርስ ሲል ዝናብ ካጠረው፣ ቅርፊቱ በዶማ ወይም በተባይ ከተጎዳ፣ ከተነቀለ በኋላ በደንብ ሳይደርቅ ከተከመረ፣ ወይም ለመፈልፈል እንዲቀል ውኃ ከተረጨበት ሻጋታው መንገድ ያገኛል። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለሚበላ ኦቾሎኒ የፈቀደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን በኪሎ ግራም 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ይህም ማለት በ1,000 ቶን ኦቾሎኒ ውስጥ 4 ግራም እንደማለት ነው።

የፈታኙ ችግር መጠኑ ማነሱ ብቻ አይደለም። መርዙ በክምሩ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ብዙው ፍሬ ንጹሕ ሆኖ ጥቂት ፍሬዎች ብቻ እጅግ ከፍተኛ መጠን ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ ከአንድ ጆንያ አንድ ኪሎ ወስዶ መመርመር ከዕጣ አይሻልም። የኅብረቱ ደንብ ለትላልቅ ጭነቶች ከ100 የተለያዩ ቦታዎች በትንሽ በትንሹ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 200 ግራም ገደማ እየተወሰደ፣ በድምሩ 20 ኪሎ ግራም እንዲጠራቀም የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያም የተጠራቀመው ሁሉ ተፈጭቶ በሚገባ ይደባለቃል፤ ወደ መሣሪያው የሚገባው ጥቂት ግራም የሚቀነሰው ከተደባለቀው ዱቄት ነው። ሳይፈጩ ጥቂት ፍሬ መርጦ መላክ የቀደመውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። በድሬዳዋ በአንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ በጀመርኩ ዓመት፣ በክረምት ማብቂያ ላይ የገባ 200 ጆንያ ኦቾሎኒ እንድፈትሽ ታዘዝኩ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ የጫኝና አውራጆቹም ሰዓት እያለቀ ነበር። በበሩ በኩል ካሉት ሁለት ረድፎች ከ10 ጆንያዎች ናሙና ወስጄ እርጥበቱን ለካሁ፤ 6.5 በመቶ ወጣ፤ ለክምችት ከሚመከረው 7 በመቶ በታች ስለሆነ «አልፏል» ብዬ ፈረምኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በኋለኛው ግድግዳ በኩል የተደረደሩት ጆንያዎች ሲነሱ ታችኛው ክፍላቸው ወርዝቶ፣ ጨርቃቸው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወጥቶ ተገኘ። እነዚያ ጆንያዎች ከሌላ ሰብሳቢ የመጡ ነበሩ፤ እኔ ግን አንድ ጭነት ነው ብዬ እንደ አንድ ቆጥሬያቸው ነበር። ቁጥሬ ትክክል ነበር፤ የለካሁት ግን በሩ አጠገብ ያለውን ኦቾሎኒ እንጂ የመጋዘኑን አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ናሙና ከመውሰዴ በፊት የክምሩን ንድፍ በወረቀት እሠራለሁ፤ የሚወጉትን ጆንያዎች ቁጥርም ክምሩን ከማየቴ በፊት በዕጣ አወጣለሁ። እርስዎም ይህን ያድርጉ፤ የተለያየ ምንጭ ያለውን ዕቃ ለየብቻ ይፈትሹ፤ ለመድረስ የሚያስቸግረው ጆንያ ዕጣ ከወጣለት ደግሞ እሱ ይውረድ።

የቡናው ጉድለት በከፊል በዓይን፣ በከፊል በምላስ ይታያል። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ያልታጠበ ቡና በመሆኑ፣ መልካም ጠባዩም ሆነ ጥፋቱ የሚወለደው በአደራረቁ ላይ ነው። ለጥሬ ቡና ፍተሻ በዓለም አቀፍ የልዩ ጣዕም ቡና አሠራር 350 ግራም ተመዝኖ ጥቁር፣ የኮመጠጠ፣ የሻገተ፣ በነቀዝ ክፉኛ የተበሳ ፍሬና ሳይፈለፈል የቀረ ጀንፈል አንድ በአንድ ይለቀማል። በአገራችን የንግድ ደረጃ ደግሞ እርጥበቱ ከ11.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ለቅምሻ ለእያንዳንዱ 150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል፤ ከአንድ ናሙናም አምስት ስኒ ይዘጋጃል። አምስት የሆነበትን ምክንያት ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ አይጠይቁም። አንዲት የበሰበሰች ፍሬ የምታበላሸው የገባችበትን ስኒ ብቻ ነው፤ አንድ ስኒ ብቻ ቢቀመስ ወይ ታመልጣለች፣ ወይ ቡናውን በሙሉ ታስኮንናለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስኒ የሚሆነው ቡና ለየብቻ ተመዝኖ ለየብቻ ይፈጫል፤ አንድ ላይ ፈጭቶ ማከፋፈል ጥፋቷን በአምስቱ ላይ አቅጥኖ ይደብቃታል። ጀማሪ ቀማሽን በሐረር ቡና ላይ የሚያስቸግረው የወይንና የደረሰ ፍራፍሬ ጣዕሙን ከመጠን በላይ ከቦካ ቡና መለየት ነው። ይህን በወረቀት ማስተማር አይቻልም፤ ልምድ ካለው ቀማሽ ጎን ቆሞ ደጋግሞ መቅመስ ያስፈልጋል።

በግንባታ ሥራ ጉድለቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ለዚህ ነው ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈራኝ። የኮንክሪት ጥንካሬ በይፋ የሚለካው በ28ኛው ቀን ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ከላዩ ሌላ ወለል ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍተሻው ወደፊት መቅደም አለበት። ኮንክሪቱ እንደደረሰ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሾጣጣ ማስለኪያ በሦስት ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል፤ ማስለኪያው ቀጥ ተደርጎ ሲነሣ ኮንክሪቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይመዘገባል። በድሬዳዋ ሙቀት ቡኮው ቶሎ ስለሚደርቅ ሠራተኛው ውኃ ለመጨመር ይፈተናል፤ ያ ውኃ ሥራውን ያቀላል፣ ጥንካሬውን ግን ይሰርቃል። ውኃ ከተጨመረ ልኬቱን ይድገሙ፤ መጨመሩንም በመዝገብ ላይ ያስፍሩ። ለጥንካሬ መፈተሻ ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ሲሞሉ ከመኪናው መጀመሪያ ከሚወጣው ሳይሆን ከመካከለኛው ይውሰዱ። በደንብ የተሞላ ኩብ ወደ 8 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ በብዙ ከቀለለ ውስጡ አየር ቀርቷል ማለት ነው፣ ቢሰበርም እውነቱን አይናገርም። ኩቡ ከአንድ ቀን በኋላ ከቅርጹ ወጥቶ 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚመታው በርሜል ይህን አያሟላም። በ7ኛው ቀን የሚሰበረው ኩብ በተለምዶ ከመጨረሻው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ያሳያል፤ በጣም ካነሰ ቀጣዩን ወለል ለማስቆም ገና ጊዜ አለ። አንድ ነገር ግን አይዘንጉ፤ በገንዳ ውስጥ ያደገው ኩብ የሚመሰክረው ስለ ቡኮው ነው፤ ምሰሶው በየቀኑ ውኃ መጠጣቱን የሚያውቀው በቦታው ተገኝቶ ያየ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ልብስ ባጭሩ ልናገር። ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ የሚጠነክር ክር ስለሆነ፣ በደረቅ አየር የተለካ ጨርቅ ከእውነተኛው ይልቅ ደካማ ሆኖ ይታያል። ናሙናው ከመጎተቱ በፊት 20 ዲግሪና 65 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ እንዲቆይ የሚደረገው ለዚህ ነው። የቀለም አለመልቀቅ ደግሞ ከታጠበ በኋላ ከ1 እስከ 5 በተመደበ የግራጫ መለኪያ ይነጻጸራል።

ወተት አንድ ፈተና ብቻውን ሊታለል እንደሚችል ያስተምራል። የላም ወተት ላይ ውኃ ሲጨመር ጥግግቱ ይወርዳል፤ ቅባቱ ሲገፈፍ ደግሞ ይጨምራል። ሁለቱንም በልክ ያደረገ ሰው ላክቶሜትሩን (የወተት ጥግግት መለኪያውን) ትክክለኛ ቁጥር ሊያስነብበው ይችላል፤ ስለዚህ ከጥግግቱ ጋር ቅባቱም ይለካ። ለላም ወተት የተሠራውን ልክ ወደ ከተማችን በብዛት በሚገባው የግመል ወተት ላይ እንዳለ መጫንም ስሕተት ነው።

በሶፍትዌር ጉድለቱ የሚታየው ተጠቃሚው ሠሪው ያላሰበውን ሲያደርግ ነው። ስለዚህ የፈታኙ ሥራ ያልታሰበውን ቀድሞ ማሰብ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ከውጭ የመጣ የፍተሻ ዝርዝር የማይነካቸው ብዙ ነገሮች አሉ። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም እየፈተሹ ነው እንበል። ቀጠሮውን በጳጉሜ 6 ቀን 2015 ይሞክሩት፤ ይህ ቀን በእርግጥ ነበር። ቀጥሎ በጳጉሜ 6 ቀን 2016 ይሞክሩት፤ ይህ ደግሞ ፕሮግራሙ ሊቀበለው የማይገባ ቀን ነው። «3 ሰዓት» ብሎ የመዘገበ ታካሚ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት እንደሚጠበቅ ይመልከቱ። «ሐረር» ተብሎ የተመዘገበን አድራሻ «ሀረር» ብለው ሲፈልጉት ይገኛል? «ድሬዳዋ» እና «ድሬ ዳዋ» እንደ አንድ ይቆጠራሉ? የአያት ስም ያልሰጠ ሰው መመዝገብ ይችላል? በ07 የሚጀምር ስልክ ይቀበላል? መብራት በመካከል ቢጠፋ የተጻፈው ይተርፋል? እያንዳንዱን ጥያቄ ሲጽፉ የሚጠበቀውን መልስ አብረው አስቀድመው ይጻፉ፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ የሚጻፍ መልስ ወደ ውጤቱ ማዘንበሉ አይቀርም።

ይህ የመጨረሻው ምክር ለሁሉም ዘርፍ ይሠራል። የማለፊያው ልክ ከፍተሻው በፊት በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ የአገራችን ደረጃ ካለ እሱን፣ ገዢው የጠየቀው ከበለጠ ደግሞ የገዢውን ይያዙ።

መሣሪያዎን ሳይፈትሹ ምርት አይፈትሹ። ቴርሞሜትር በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ 0 ማሳየት አለበት፤ በሚፈላ ውኃ ግን 100 አይጠብቁ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ወደ 1,900 ሜትር በምትጠጋው ሐረር በ94 ገደማ ይፈላል። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ደህናውን ቴርሞሜትር ሲጥል አይቻለሁ። ለቡና ቅምሻ የሚፈለገው 93 ዲግሪ ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ላይ የፈላ ውኃ ጥቂት ማረፍ ሲኖርበት፣ ሐረር ላይ ግን ከምድጃው እንደወረደ ይቀዳል።

ከመረመሩት ናሙና ግማሹን አሽገው ያስቀምጡ። የመድኃኒት አምራቾች ከእያንዳንዱ ባች (በአንድ ዙር ከተመረተ ምርት) የያዙትን ናሙና ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ያቆያሉ፤ ቅሬታ ሲመጣ ወደ እሱ ይመለሳሉ። እርስዎም በከረጢቱ ላይ ቀኑን፣ የጭነቱን ቁጥር፣ የተወሰደበትን ቦታና የወሰደውን ሰው ስም ይጻፉ።

ውጤቱ «አላለፈም» ካለ ዕቃውን በዚያው ሰዓት ከጥሩው ለይተው፣ ቀይ ምልክት ለጥፈው፣ ለኃላፊው በጽሑፍ ያሳውቁ። ዳግም ፍተሻ ከተጠየቁ አዲስ ናሙና በአዲስ ዕጣ ይውሰዱ፤ የመጀመሪያውን ውጤት ግን አይሰርዙት። ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን፣ ሁለቱም ፊርማዎች ከነሰዓታቸው በመዝገቡ ላይ ይቆዩ።