ለፒካፕ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ እንዴት ይመረጣል?

ሱቅ ገብታችሁ «ለፒካፕ የሚሆን ዘይት ስጠኝ» ብቻ ካላችሁ፣ ሻጩ መደርደሪያው ላይ ያለውን ያወርድላችኋል። ፒካፕ ግን ብዙ ዓይነት ነው። ናፍጣ አለ፣ ቤንዚን አለ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሞተር አለ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ ሞተርም አለ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ደብረ ብርሃን ላይ፣ በብርድ፣ መኪናዬ ስር ተንበርክኬ ነው። ታሪኩን ዘይቱን የሚያጣራው ፊልትሮ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሞተራችሁን እወቁ

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካላችሁ የዘይቱ ቁጥር፣ ደረጃውና መጠኑ እዚያው አለ። ሁለተኛ እጅ ስንገዛ ግን መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ አይመጣም። ያኔ ኮፈኑን ክፈቱ። የዘይት መሙያው ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ገልብጡና ያዙ።

መጠኑንም እወቁ። የቶዮታ ሃይሉክስ 2.5 ናፍጣ ከነፊልትሮው 6.9 ሊትር ይወስዳል። ከእሱ በኋላ የመጣው 2.8 ደግሞ 7.5 ሊትር። ባለ 5 ሊትር አንድ ጀሪካን አይበቃም ማለት ነው። የጎደለውን በኋላ ከሌላ ዓይነት ከመሙላት ከመጀመሪያው በቂ ግዙ።

ቁጥሩን ማንበብ

ጀሪካኑ ላይ 15ደብሊው-40 ወይም 5ደብሊው-30 የሚል ታያላችሁ። ደብሊው የተወሰደችው ክረምት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ከእሷ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ቶሎ ይደርሳል። ከኋላ ያለው ደግሞ ሞተሩ ከጋለ በኋላ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። የሚለካውም በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

ለቆየ የናፍጣ ፒካፕ 15ደብሊው-40 አዲስ አበባም ሆነ አዋሽ ላይ በደንብ ይሠራል። አዳዲሶቹ ብዙ ጊዜ 5ደብሊው-30 ይጠይቃሉ። መጽሐፉ ያንን ካለ ያንኑ አድርጉ። ውስጡ ያሉት የዘይት መተላለፊያዎች የተሠሩት ለዚያ ውፍረት ነው።

«ሞተሩ ስላረጀ 50 አድርግበት» የሚል ምክር ጋራዥ ውስጥ ሁሌ ይሰማል። እኔ አልስማማም። ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ካለቀ ወፍራም ዘይት ጭሱን ለጥቂት ወር ይሸፍነው ይሆናል፣ ፋሻውን ግን አይመልሰውም። ደጋ ላይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዘይቱ እንደ ማር ከብዶ ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ፊደሎቹ ከቁጥሩ አይተናነሱም

ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ ይሄዳል። ጀሪካኑን አዙሩት። ኤፒአይ የሚል ክብ ምልክት ወይም ጽሑፍ ፈልጉ፤ የዘይት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም ምህጻረ ቃል ነው። በኤስ የሚጀምር ደረጃ፣ ለምሳሌ ኤስኤን ወይም ኤስፒ፣ ለቤንዚን ሞተር ነው። በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ናፍጣ ሲቃጠል ብዙ ጥቀርሻ ያወጣል። የናፍጣ ዘይት ያንን ጥቀርሻ በትኖ ይዞ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው አዲስ የተቀየረ ዘይት በጥቂት ቀን ውስጥ የሚጠቁረው። አትደንግጡ፣ ሥራውን እየሠራ ነው።

ጭስ ማውጫው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ ለሌለው የናፍጣ ፒካፕ እኔ ሲአይ-4 እመርጣለሁ። ይህ ደረጃ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ድኝ የበዛበትን ናፍጣም ታሳቢ ያደርጋል። ሲኬ-4 የሚለው አዲሱ ደረጃ የቆዩትንም ይተካል። ጭስ ማውጫው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ ያለው አዲስ ፒካፕ ከሆነ ግን ሲቃጠል የሚተወው አመድ ያነሰ ዘይት ግዴታ ነው። አለበለዚያ ማጣሪያው ይደፈናል፣ ዋጋውም ያማል። እዚህ ላይ በግምት አትግዙ፣ መጽሐፉ ያለውን ደረጃ ፈልጉ።

ከበርሜል የሚቀዳ ዘይት አትግዙ። የክዳኑ ቀለበት ያልተነካ መሆኑን እዩ። ባዶውን ጀሪካን ስትጥሉም ቀዳችሁ ጣሉ፣ ሌላ ነገር ተሞልቶ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ።

ፊልትሮው

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ አሮጌውን ፊልትሮ ወይም ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። በዓይን መምረጥ ያታልላል።

እኔን ያታለለኝ እንዲህ ነው። የምፈልገው ፊልትሮ ጠፋ። ሻጩ ሌላ አወጣና «ያው ነው ጋሼ፣ ይገባል» አለኝ። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ቁመታቸው እኩል፣ አፋቸው ዙሪያ ያለው የማሸጊያ ጎማ ስፋት እኩል። ገዛሁት። ማታ ራሴ ገጠምኩት። ሳዞረው ትንሽ ይወዛወዝ ነበር። ጎማው ሲነካ ግን ጠበቅ ስላለ ተውኩት። ዘይቱንም በቅናሽ ያገኘሁትን 20ደብሊው-50 ሞላሁበት። በማግስቱ ደብረ ብርሃን በሰላም ገባሁ፣ አደርኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳሩ አመዳይ ለብሷል። ሞተሩን ሳስነሳ ከስር የሆነ ነገር ጧ አለ። ቀይዋ የዘይት መብራት አልጠፋችም። ወዲያው አጥፍቼ ወረድኩ። ፊልትሮው ከመግጠሚያው ተስፈንጥሮ መሬት ላይ ወድቋል። ዘይቱ ከፊት ጎማው ስር ወጥቶ በአስፋልቱ ዳር እየወረደ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅኩት ሁለቱን ፊልትሮዎች ውፍረትና ስፋት በሚለካው መሣሪያ በካሊፐር ስለካ ነው። ፊልትሮው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ያለው የሞተሬ መግጠሚያ ውፍረቱ 3/4 ኢንች ነው፣ 19.05 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የገዛሁት ፊልትሮ ደግሞ ለ20 ሚሊ ሜትር መግጠሚያ የተሠራ ነው። ልዩነታቸው አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ይዞራል፣ ይገባል፣ ግን ጥርሱ የሚይዘው በጫፉ ብቻ ነው። በብርድ የወፈረ ዘይት ደግሞ ሞተሩ እንደተነሳ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ስህተቶቼ እዚያ ጠዋት ላይ ተገናኙ። ሞተሩ ሳይነክስ፣ ማለትም ዘይት አጥቶ ተጣብቆ ሳይቆም የተረፈው ቶሎ ስላጠፋሁት ነው። መብራቷን ችላ ብዬ መቶ ሜትር ብነዳ ኖሮ ሞተር ማውረድ ነበር።

ስለዚህ ሦስት አራት ዙር ከገባ በኋላም የሚወዛወዝ ፊልትሮ ካጋጠማችሁ አውጡና መልሱት። «ይገባል» የሚለው ቃል አይበቃችሁም። ሻጩ የፊልትሮውን ቁጥር ከካታሎጉ ላይ ከመኪናችሁ ጋር ያሳያችሁ።

ጥራቱንም እዩ። በዙሪያው ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ውስጥ ስታዩ የሚተጣጠፍ ጎማ አለ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው እሱ ነው። እንደ ፕላስቲክ ከደረቀ አትግዙ። አንድ ጊዜ ርካሽና ኦርጅናል ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጬ ከፈትኩ። የርካሹ ወረቀት እጥፋቶች ከኦርጅናሉ ግማሽ ትንሽ ቢበልጡ ነው። አንደኛው ጫፍ ላይ ሙጫው አልያዘም፣ ዘይቱ ሳይጣራ በዚያ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ በዘይቱ ብራንድ እደራደር ይሆናል፣ በፊልትሮ ግን አልደራደርም።

ሲቀየር

ሞተሩ ሞቅ ሲል አፍስሱ። የማፍሰሻውን ቡሎን ሮንዴላ፣ ከስሩ ያለውን ማሸጊያ ቀለበት፣ አዲስ አድርጉ። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ጎማው መግጠሚያው ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ሁለት ጎማ ከተደራረበ ዘይቱ ይረጫል። የአዲሱን ጎማ ዘይት ቀቡት። ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ያህል አጥብቁት። በቁልፍ መጥበቅ አያስፈልገውም።

ከሞላችሁ በኋላ አስነሱ፣ መብራቷ እስክትጠፋ ጋዝ አትርገጡ። አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁና በመለኪያው እዩ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ይበል። ከላይኛው አይለፍ። የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ፊልትሮው ላይ በማርከር ጻፉ። አቧራ መንገድ ለሚበዛበት የቆየ ናፍጣ እኔ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ የሚሰበስብ ጋራዥ አታጡም።

ማታ ሞተሩ ስር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ሳቡና እዩት። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ፣ ለአንድ ደቂቃ ከስር አጎንብሳችሁ ፊልትሮውን ተመልከቱ። ሁለቱም ጊዜ ደረቅ ከሆነ መንገድ መጀመር ይቻላል።