የጎልፍ ዙር ሲያምርላችሁ አእምሮን ሰብስቦ መጨረስ እንዴት ይቻላል?

አሥራ አምስተኛውን ጉድጓድ እንደጨረስኩ እርሳሴን አወጣሁ። ባላወጣው ይሻል ነበር። የውጤት ካርዱ ላይ ያለውን ስደምር 72 ምት ሆነ። በጎልፍ ምቱ ያነሰ ነው የሚያሸንፈው። ከአሥራ ስምንቱ የቀሩኝ ሦስት ጉድጓዶች ናቸው። በ17 ምት ከጨረስኳቸው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ90 በታች ልገባ ነው። የሦስቱ ፓር፣ ማለትም ይጨርሷቸዋል ተብሎ የሚጠበቀው ምት፣ ሲደመር 12 ነው። አምስት ምት ትርፍ አለኝ ማለት ነው። "በቃ፣ አለቀ" አልኩ በልቤ። መጀመሪያ ለማን እንደምደውል ሁሉ አሰብኩ።

ቀጣዩ ምቴ ከሜዳው ክልል ውጭ ወጣ። አንድ የቅጣት ምት ተጨመረብኝና ከዚያው ቦታ ደግሜ መታሁ። ከዚያ አሸዋ ውስጥ ገባሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ከአሸዋው አልወጣሁም። በአራት ማለቅ የነበረበት ጉድጓድ በስምንት አለቀ። የቀኑ ድምር 91።

አሥራ አምስት ጉድጓድ ሙሉ ሲታዘዘኝ የዋለ እጅ በአንዴ አመታቱን አይረሳም። ሰውነቴ አሥራ ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ቆሞ ሐሳቤ ግን ቤት ደርሶ ወሬውን እያወራ ነበር።

ይህ የጀማሪ በሽታ ብቻ አይደለም። ታዋቂው ጎልፈኛ ሮሪ ማክሊሮይ ማስተርስ በሚባለው ትልቅ ውድድር በ2011 የመጨረሻውን ቀን የጀመረው በአራት ምት እየመራ ነው። አሥረኛው ጉድጓድ ላይ ሁሉ ነገር ተበላሸበት። ቀኑን በ80 ምት ጨረሰ። ከሁለት ወር በኋላ ያው ሰው ሌላውን ትልቅ ውድድር፣ ዩኤስ ኦፕንን፣ በስምንት ምት ልዩነት አሸነፈ። በሁለት ወር ውስጥ አዲስ አመታት ተማረ ብዬ አላምንም።

እንግዲህ እኔን የረዳኝን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም። ሁለተኛውን ብቻ ብትይዙ ግማሹን ሠርታችኋል።

1. መደመሩን ለሌላ ሰው ስጡ

ይህን ከመጀመሪያው ምት በፊት ጨርሱት። አብሯችሁ ለሚጫወተው ሰው "ካርዴን አንተ ያዝልኝ፣ ድምሩን ግን እስከ መጨረሻው እንዳትነግረኝ" በሉት። በውድድር ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም። ውጤታችሁን የሚመዘግበው ማርከር የሚባል ሌላ ሰው ነው፣ አጠቃላይ ድምሩንም የሚሠራው አዘጋጁ ነው። የእናንተ ኃላፊነት የየጉድጓዱ ቁጥር ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ዙሩን በሦስት በሦስት ጉድጓድ መክፈልም ይረዳል። 18ቱ ጉድጓዶች ስድስት ትንንሽ ጨዋታ ይሆናሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አዲስ ነው።

2. አርባ ሰከንድ ብቻ አተኩሩ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "ዛሬ እስከ መጨረሻው አልዘናጋም" ብለን እንነሳለን። አንድ ዙር አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ያን ያህል ጊዜ ጥርሱን ነክሶ የሚያተኩር ሰው አላየሁም። አሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ጭንቅላት ይደክማል። የደከመ ጭንቅላት ደግሞ የሚሄደው ወደ ድምሩ ነው።

ሒሳቡን እዩት። የጎልፍ ሕግ ተራችሁ ደርሶ መምታት ከቻላችሁበት ጊዜ ጀምሮ በ40 ሰከንድ ውስጥ እንድትመቱ ይመክራል። 85 ምት በ40 ሰከንድ ሲባዛ አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። የቀረው ጊዜ በእግር መሄድና መጠበቅ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ትኩረትን እንደ መብራት ማብራትና ማጥፋት ነው።

ማብሪያ ማጥፊያ ምረጡ። የእኔ ጓንቴ ነው። ማሰሪያውን ሳጣብቅ ሥራ ተጀመረ። ስፈታው አበቃ። በመካከሉ ያለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከኳሱ ኋላ እቆማለሁ። ኳሱ እንዲሄድ የምፈልግበትን ትንሽ ነገር እመርጣለሁ። "ወደዚያ አካባቢ" አይበቃም፤ ከዛፉ ግንድ በስተግራ ያለችው ቅርንጫፍ ብዬ ነው የምለው። ከዚያ በዚያው መስመር ላይ፣ ከኳሱ አንድ ክንድ ያህል ፊት ለፊት፣ የደረቀ ሣር ወይም የተነቀለ አፈር እፈልጋለሁ። አንዴ በባዶው እወዘውዛለሁ። ትንፋሼን ረዘም አድርጌ አወጣለሁ። ወደ ኳሱ እጠጋለሁ፣ ዱላዬን በዚያች ሣር አቅጣጫ አስተካክላለሁ፣ አንዴ ቀና ብዬ ቅርንጫፏን አያለሁ፣ እመታለሁ። ሁለት ጊዜ ቀና ካልኩ ጥርጣሬ ገብቷል ማለት ነው።

የእናንተ ከዚህ ሊለይ ይችላል። ዋናው ነገር ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ያደረጋችሁትን አሥራ ሰባተኛው ላይም ያንኑ ማድረጋችሁ ነው። ልምምድ ላይ በስልካችሁ ሰዓት ለኩት። ዙሩ ሲያምር ሰው ሳያውቀው ወይ ይቸኩላል ወይ ይንዛዛል። እኔ የምቸኩለው ዓይነት ነኝ።

ማክሊሮይ በ2014 ዘ ኦፕን የሚባለውን ውድድር ሆይሌክ ሜዳ ላይ ሲያሸንፍ ሳምንቱን ሙሉ ለራሱ የሚላቸው ሁለት ቃላት እንደነበሩት ተናግሮ ነበር። በአማርኛ "ሂደት" እና "ነጥብ" ልንላቸው እንችላለን። ሂደት ማለት ውጤቱን ትቶ አሁን የሚሠራውን ሥራ ማሰብ ነው። ነጥብ ደግሞ ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ባለበት አጭር ሣር ላይ፣ ኳሱ እንዲያልፍበት የሚፈልገው ቦታ ነው። በዚያ ሁሉ ጫና ውስጥ ሁለት ቃል ብቻ።

3. በምትና በምት መካከል ከጎልፍ ውጡ

ጓንቱ ሲፈታ ወሬ ጀምሩ። ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ፈለጋችሁት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ቀና ብላችሁ ርቀው ያሉትን ዛፎች እያያችሁ ተራመዱ። አንገት ደፍቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ እየደመረ ነው።

ብሉም። ሳይርባችሁ በየጥቂት ጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ፤ ሙዝ፣ ለውዝ፣ ውኃ። የራበው ሰው ውሳኔ ያዛባል።

4. ድምሩ በራሱ ሲመጣ አትታገሉት

ይመጣል። ካርዱን ለሌላ ብትሰጡም ጭንቅላት የራሱ እርሳስ አለው። "አላስብም" ብሎ መታገል ያባብሰዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር በ1987 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን "ስለ ነጭ ድብ አታስቡ" አሏቸው። ድቡ መምጣቱን አላቆመም።

ሜዳው ላይ ያለው ውኃም እንደዚያው ነው። "ውኃ ውስጥ እንዳልከት" ካላችሁ ከፊታችሁ የሚታያችሁ ውኃው ብቻ ነው። ለራሳችሁ ኳሱ የት መሄድ እንዳለበት ንገሩ፦ "ቢጫ ቅጠል ያለው ዛፍ"። ድምሩ ሲመጣም "እሺ፣ ድምር መጣ" ብላችሁ እለፉት። ኳሱ ላይ ከቆማችሁ በኋላ ከመጣ ደግሞ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ጓንቱን ፈትታችሁ እንደገና እሰሩ። ያሳፍራል ብላችሁ አትተዉት። ሐሳቡ ሳይወጣ መምታት ይብሳል።

አብሯችሁ የሚጫወተው ሰው "ዛሬ እኮ እሳት ሆነሃል! ስንት ደረስክ?" ሲል ክፋት የለውም። "አልቆጠርኩም፣ አንተስ?" ብላችሁ ወሬውን ወደ እሱ መልሱት። ስለራሱ ጨዋታ ማውራት የማይወድ ጎልፈኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

5. ሰውነት እንደሚለወጥ እወቁ

ልብ ሲመታ እጅ ዱላውን ያንቃል፣ ውዝወዛውም ይፈጥናል። አድሬናሊን ሲጨመርበት ኳሱ ብዙ ጊዜ ከተለመደው ርቆ ይሄዳል። ግሪኑን አሳልፋችሁ ስትመቱ አትደንግጡ። በሁለት የዱላ ቁጥር መካከል ስታመነቱ አጭር ርቀት የሚመታውን ምረጡ፤ በሰባት ቁጥርና በስምንት ቁጥር አይረን (የብረት ዱላ) መካከል ከሆነ ስምንቱን። አያያዛችሁን ከአሥር ስጡት። አሥር ማነቅ ነው፣ እናንተ አራት አካባቢ ሁኑ። እርምጃችሁንም ቀንሱ።

6. ዕቅዱን አትለውጡ

ዙሩ ሲያምር ሁለት ፈተና ይመጣል። አንዱ መጠንቀቅ ሲበዛ ነው። ኳሱን ከመምታት ይልቅ መግፋት ይጀመራል። ሌላው "ዛሬ የእኔ ቀን ነው" ብሎ መድፈር ነው። መፍትሔው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሁለተኛው ጉድጓድ ቢሆን የትኛውን ዱላ አወጣ ነበር? እሱን አውጡ።

ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ በ1999 ዘ ኦፕን፣ ካርኑስቲ ሜዳ ላይ፣ ወደ መጨረሻው ጉድጓድ የመጣው በሦስት ምት እየመራ ነው። ፓሩ አራት ነው፤ በስድስት ቢጨርስም ዋንጫው የእሱ ነበር። እሱ ግን ድራይቨር፣ ማለትም ኳሱን በጣም የሚያርቀውን ዱላ፣ አወጣ። ቀጥሎም በቀጥታ ወደ ግሪኑ ሞከረ። ኳሱ የተመልካች መቀመጫውን መትቶ ወደ ረጅሙ ሣር ተመለሰ፣ ከዚያ ጅረት፣ ከዚያ አሸዋ። በሰባት ጨረሰና ወደ መለያ ጨዋታ ገባ። ዋንጫውን ፖል ሎሪ ወሰደው። ሰውዬው ሦስት ቀን ተኩል ድንቅ ጎልፍ ተጫውቷል። ዛሬ የሚታወሰው ግን በዚያ ጉድጓድ ነው፣ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል።

7. መጥፎ ምት ሲመጣ ገደብ አብጁለት

ተናደዱ፣ ችግር የለውም። ግን ዱላው ቦርሳ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብቻ። ከገባ በኋላ ስለዚያ ምት ወሬ የለም። የጠፋውን ምት በአንድ ተአምር ለመመለስ አትሞክሩ። በዛፎች መካከል ያለችው ቀዳዳ ከሩቅ ሰፊ ትመስላለች። ወደ ጎን ወደ ፌርዌዩ፣ ሣሩ ወደተቆረጠው መንገድ፣ አውጡትና ቀጥሉ። አንድ ቦጊ፣ ማለትም ከፓሩ አንድ ምት በላይ መጨረስ፣ ዙር አያበላሽም። ቦጊውን ለማካካስ የተሞከረው ምት ነው የሚያበላሸው።

8. ካርዱ እስኪፈረም አልጨረሳችሁም

የመጨረሻዋ ኳስ ስትገባ ሁሉ ነገር ይላላል። ተቃቀፉ፣ ሳቁ። ከዚያ ግን ውድድር ከሆነ ጓንቱን ለመጨረሻ ጊዜ እንደምታስሩት አስቡና ተቀመጡ። እያንዳንዱን ጉድጓድ ከካርዱ ጋር አስተያዩ። በ1968 ማስተርስ አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ አሥራ ሰባተኛውን ጉድጓድ በሦስት ጨርሶ ካርዱ ላይ አራት ተጻፈበት። ሳያይ ፈረመ። በሕጉ መሠረት የተፈረመው ከፍ ያለው ቁጥር ጸና፣ 65 የነበረው 66 ሆነ፣ ሊደርሰው የነበረው መለያ ጨዋታም በአንድ ምት አመለጠው።

ቁጥሮቹን አይታችሁ ስትጨርሱ ፈርሙ። አሁን እርሳሱን ተቀብላችሁ መደመር ትችላላችሁ።