ከፍ የተደረገ ፒካፕ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሊፍት ኪት (መኪናውን ከፍ የሚያደርግ ዕቃ) ገባ፣ ትልቅ ጎማ ተገጠመ፣ ፎቶም ተነሳ። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ነገር ይንኳኳል ወይም ይጎትታል። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ያኔ ነው። አብዛኛው ሰው ሲገባ "ኪቱ ፎርጅድ ነው" እያለ ነው። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ደህና ሆኖ ይገኛል፤ ጉዱ ያልጠበቀ ወይም በማይሆን ሰዓት የጠበቀ ብሎን ነው።

እዚህ የምጽፈው ሃይሉክስን ይዤ ነው፣ ቪጎንና ሪቮን። ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ንጣፍ) ያላቸው ሌሎች ፒካፖች ላይም አብዛኛው ይሠራል። የጎማ ንፋስ፣ ባላንስ፣ የቴስቲና (የመሪ ክንድ ጫፍ) እና የኩሽኔታ (ቤሪንግ) ልቅነት አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

መኪናው ገደድ ብሎ ይሄዳል፣ ከኋላ "ጓ" ይላል

ይሄኛው እንጀራዬ ነው።

ስትነሱ ወይም ፍሬን ስትይዙ ከኋላ አንድ ጊዜ ይመታል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መሪው ትንሽ ዞሮ ካልተያዘ መኪናው ቀጥ አይልም። ከኋላ የሚከተላችሁ ሰው ደግሞ "መኪናህ ዞሮ ነው የሚሄደው" ይላችኋል። ባለቤቱ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ያሠራል። ሁለት ቀን የተሻለው ይመስለዋል፣ ከዚያ ያው ነው። ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና ያሠራል። ብሩን ጨርሶ ይመጣል።

ምክንያቱን ለመረዳት ከባሌስትራው ስር መግባት ያስፈልጋል። የኋላው አክስል በየጎኑ በሁለት ዩ ቦልት (በዩ ቅርጽ የታጠፈ ብሎን) ባሌስትራው ላይ ታስሯል። መሃል ላይ ደግሞ ንጣፎቹን ወግታ የምታልፍ አንዲት ፒን አለች። ብዙ ሰው አክስሉን የምትይዘው እሷ ትመስለዋለች። እሷ ቦታ ጠቋሚ ናት። የመኪናውን ግፊትና የፍሬኑን ጉልበት የሚችለው በዩ ቦልቶቹ ጥብቀት የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው። ሊፍት ሲገባ አዲስ ባሌስትራ ይመጣል፣ ወፍራም ቀለም ተቀብቶ። መኪናው ሲጫንና ሲናጥ ቀለሙ ይፈረፈራል፣ ንጣፎቹ እርስ በርስ ይቀማመጣሉ፣ ዩ ቦልቱ ይላላል። ያኔ ሸክሙ ሁሉ ፒኗ ላይ ይወድቃል። ትቆረጣለች። አክስሉም ይንሸራተታል።

ለማረጋገጥ አንድ የመለኪያ ሜትር ይበቃል። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ከፊት ቸርኬ መሃል እስከ ኋላ ቸርኬ መሃል ለኩ፣ በቀኝም በግራም። ደብል ጋቢና ቪጎና ሪቮ ላይ 3,085 ሚሊሜትር ነው። ዋናው ግን የሁለቱ ጎን ልዩነት ነው። ከ1 ሴንቲ ካለፈ አላይመንት ቤት መሄድ ትታችሁ ዩ ቦልቱን እዩ።

አንድ ሪቮ ከአፋር መስመር መጣ። ሎጊያ ላይ አላይመንት የለም ብሎ አዲስ አበባ ድረስ እንደዚያው ነድቶታል። የግራው ዩ ቦልት ዳዶ በጣቴ ዞረ። ያለ መፍቻ! ፒኗ ለሁለት ተቆርጣ ጭንቅላቷ አክስሉ ላይ ቀርታለች። የፍሬን ቱቦው ተወጥሮ ክር መስሏል። ሊፍቱን የገጠሙለት ሰዎች አሮጌውን ዩ ቦልት ነበር መልሰው ያሰሩት፣ ኪቱ ውስጥ አዲስ እያለ። ለምን ሲባሉ "ደህና ነበረ" ብለዋል አሉ።

ሌላው ደግሞ ይባስ። አዲሱ ባሌስትራ ስለወፈረ አሮጌው ዩ ቦልት አጠረ። ገጣሚው ፌሮ አጥፎ ጥርስ አወጣለት። የቤት መሠረት የሚጣልበትን ፌሮ! ጭነት ይዞ ጣርማበርን ሲወርድ ነው የተበጠሰው። ሰው አልተጎዳም፤ ይህን ያህል ዕድል ደግሞ ሁሌ የለም።

አሠራሩ ይህ ነው። አሮጌውን ዩ ቦልት ጣሉት። ዩ ቦልት ሲጠብቅ ይለጠጣል፤ አንዴ የተለጠጠ ሁለተኛ ጥብቀት አይይዝም። አክስሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ከቀለምና ከዝገት አጽዱ። የፒኗ ጭንቅላት ቀዳዳው ውስጥ በትክክል መግባቱን በዓይናችሁ እዩ፤ ጠርዝ ላይ ቆማ ዩ ቦልት የታሰረባት ፒን ብዙ አይቻለሁ። አራቱን ዳዶ በመስቀለኛ፣ ቀስ በቀስ አጥብቁ። ከዳዶው በታች የሚተርፈው ጥርስ በሁሉም ላይ እኩል ይሁን። በመጨረሻ በቶርክ መፍቻ (የጥብቀቱን ልክ በሚለካው)፣ ኪቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር።

ከዚያ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ 500 ኪሎሜትር ሄዳችሁ እንደገና አጥብቁ። መጀመሪያ ሙሉ ጭነት ከጫናችሁ በኋላም እንደገና። ዳዶውና ጥርሱ ላይ በቀለም አንድ መስመር ብታሰምሩ፣ ሲላላ መስመሩ ይሰበራል፣ ጎንበስ ብላችሁ ታዩታላችሁ።

ዳዶው እንዳይፈታ በብየዳ የሚነክሱ አሉ። አታስነክሱ። እሳቱ የዩ ቦልቱን ጥንካሬ ይገድለዋል፣ ደግሞም ዳግም ማጥበቅ አይቻልም። የሚላላውን ነገር እንዳይጠብቅ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ብሎክ ላይም አንድ ነገር ልበል። ከባሌስትራና ከአክስል መሃል የሚገባው ብሎክ ድፍን መሆን አለበት። ባዶ ካሬ ብረት ቆርጠው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው የሚሸጡ አሉ። ይጨፈለቃል። ብሎክ በብሎክ ላይ መደረብም ክልክል ነው፤ በሕግ ባይሆን በእኔ ጋራዥ።

ሲጥ ሲጥ ይላል፣ በአንድ ጎን ዝቅ ብሎ ይቆማል

መኪናው ክሪክ ላይ ተሰቅሎ፣ እግሮቹ ተንጠልጥለው እያለ የባሌስትራና የታችኛው አርም ብሎኖች ጠብቀዋል። ጎሚኒው (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ) እንደዚያ ተነክሶ ይቀራል። መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይውላል፤ ይጮሃል፣ ይቀደዳል፣ የበረታበትንም ጎን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሌላው ጎን ዝቅ ብሎ ይታያል። አዲስ ጎሚኒ በሁለት ወር አለቀ ብለው ሻጩን የሚረግሙ ሰዎች ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ይሄው ነው።

ጎሚኒው ገና ካልተቀደደ መፍትሄው ነፃ ነው። መኪናውን መሬት ላይ አቁሙ፣ ብሎኖቹን አላሉ፣ ካሶኒው ላይ ሰው ወጥቶ ያንጠው፣ ከዚያ በቆመበት አጥብቁ።

ባዶውን ሲሄድ ብቻ የሚደርቅና የሚያነጥር ከሆነ ግን ብልሽት አይደለም። ለቋሚ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ገዝታችሁ ባዶ እየነዳችሁ ነው። ኪት ስትገዙ በየቀኑ የምትጭኑትን አስቡ፣ በዓመት አንዴ የምትጭኑትን አይደለም።

ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ቸርኬው ውስጥ ግሪስ ተረጭቷል

የፊት ሴሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ኩፊያው፣ ማለትም ግሪሱን የሚይዘው የላስቲክ ሽፋን፣ ተቀዷል። ምክንያቱ ከመጠን በላይ መነሳት ነው። ከአሞርቲዛተሩ አናት ላይ የሚገባው ስፔሰር እንደ ውፍረቱ አይደለም የሚያነሳው። አሞርቲዛተሩ የተያዘው አርሙ መሃል አካባቢ ስለሆነ ጎማው ላይ እጥፍ ገደማ ይሆናል። 25 ሚሊሜትር ስፔሰር መኪናውን ወደ 50 ሚሊሜትር ያነሳል። 5 ሴንቲ ፈልጎ ባለ 5 ሴንቲ ስፔሰር ያስቀረጸ ሰው ወደ 10 ሴንቲ ተጠግቷል። ሴሚያሱ በዚያ አንግል አይኖርም። ቦል ጆይንቱም እንዲሁ፤ ፍጥነት መቀነሻ ስታልፉ "ጣ" የሚለው አሞርቲዛተሩ ወይም ቦል ጆይንቱ መጨረሻው ላይ ሲመታ ነው።

ዝቅ አድርጉት። ሃይሉክስ ከፊት 50 ሚሊሜትር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ካላችሁ ዲፍረንሻሉን ዝቅ የሚያደርጉ ቁራጮችና ሌላ የላይ አርም ያስፈልጋል፣ ወጪውም ሌላ ነው።

መሪው ይዋልላል፣ ከታጠፈ በኋላ አይመለስም

ፊቱ ሲነሳ ካስተር (መሪው ራሱ ቀጥ እንዲል የሚያደርገው የእግሩ ዘመም) ይቀንሳል። አብዛኛው አላይመንት ቤት ቶ-ኢን (የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ የሚያዩበት ልክ) ብቻ አስተካክሎ "አልቋል" ይላል። ወረቀቱን አስወጡና የካስተሩን ቁጥር እዩ። በታችኛው አርም ማስተካከያ ብሎን ማምጣት ካልተቻለ የላይ አርም ይቀየራል። የጎማውን ጥርስ በእጅ ስትዳስሱት በአንድ አቅጣጫ እንደ መጋዝ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ቶ-ኢኑም ተበላሽቷል፤ ጎማውን ሳይጨርሰው ድረሱበት።

ጎማው ይፈትጋል

እዚህ ላይ ሰው የማይቀበለኝ ነገር አለ። ሊፍት ጎማ ሲጠመዘዝ የሚነካውን ሻንሲና አርም አያርቀውም። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ እስከ መጨረሻው ሲቀመጥም፣ የመግቻው ጎሚኒ (የእግሩን ጉዞ የሚገታው ላስቲክ) ቦታውን ካልቀየረ ጎማው የሚደርሰው ድሮ ይደርስበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ "ፓራፋንጎ ይነካል፣ ትንሽ አንሳልኝ" መፍትሄ አይደለም። ጎማው ከውስጥ አርሙን ከነካ የቸርኬው ኦፍሴት (ቸርኬው ወደ ውስጥ የሚገባበት ልክ) ነው። ከኋላ በኩል የፓራፋንጎውን ፕላስቲክ ወይም የጭቃ መከላከያውን ከነካ ደግሞ ፕላስቲኩን ማሞቅና መግፋት፣ ወይም መቁረጥ። የሚስማማ ጎማ ፈልጉ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ 265/70 በ17 ቸርኬ፤ 285/70 መቁረጥ ይፈልጋል።

ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ይደፋል፣ የፊት ሸራ ቶሎ ያልቃል

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ አደገኛም ነው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የሌላቸው ብዙ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አላቸው። ካሶኒው ሲጫን ዝቅ ይላል፣ ቫልቩም ለኋላው ብዙ ፍሬን ይለቃል። ባሌስትራው ከተነሳ ቫልቩ "መኪናው ባዶ ነው" ይላል፤ ጭነት እያለም የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ዓባይ በረሃን እንደዚህ መውረድ አልመክርም። የዘንጉን መያዣ ኪቱ ባነሳው ልክ ከፍ የምታደርግ ቁራጭ አለች፤ ጥሩ ኪት ውስጥ ትመጣለች፣ ርካሹ ውስጥ የለችም። ዘንጉን በሽቦ ጎትቶ ማሰር ጥገና አይደለም።

እግረ መንገዳችሁን ጎማዎቹ ተንጠልጥለው፣ መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ እያለ የፍሬን ቱቦዎቹን እዩ። ከተወጠሩ በረዥም ይቀየራሉ። ሌላ ውይይት የለውም።

ይንቀጠቀጣል

ስትነሱ ብቻ ከሆነ ከማርሽ ሳጥን ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ አንግል ነው፤ የመሃሉ ኩሽኔታ በቁራጭ ዝቅ ይደረጋል። በተወሰነ ፍጥነት ላይ ሁሌም ከሆነ ባላንስ ወይም ክሮቼራ (የዘንጉ መስቀለኛ መገጣጠሚያ)። ቸርኬ ከቀየራችሁ ደግሞ ዳዶውን እዩ። የቶዮታ ኦርጅናል አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ነው፤ ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ አብዛኛው ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። አሮጌውን ዳዶ አዲሱ ቸርኬ ላይ ያሰረ ሰው፣ ጎማው ወልቆ መንገድ ላይ ሊቀድመው ይችላል። 100 ኪሎሜትር ሄዳችሁ ይሄንንም እንደገና አጥብቁ።

ቀሪዎቹ

የኤቢኤስ መብራት በራ፦ ሽቦው ተወጥሮ ተነቅሏል። ከዲፍረንሻል ዘይት ማፍሰስ ጀመረ፦ የመተንፈሻ ቱቦው ተነቅሎ ወይም ተጣጥፎ ሊሆን ይችላል። ከፊት የሚመጣ ሰው መብራት ያበራባችኋል፦ ፊቱ ስለተነሳ የእናንተ መብራት ዓይኑን ወግቶታል፣ ዝቅ አድርጉ። ዳገት አልወጣ አለ፦ ጎማው ስለተለቀ ማርሹ ረዝሟል፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ፋይቭ ኤል ሞተር ይዛችሁ እንጦጦ ላይ በትልቅ ጎማ ተአምር አትጠብቁ። ቆጣሪው ዋሸ፦ ከ265/65 ወደ 285/70 ስትሄዱ የጎማው ቁመት ከ776 ወደ 831 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል፣ 7 በመቶ ነው፤ ቆጣሪው 80 ሲል እናንተ 86 አካባቢ ናችሁ። አራት ትልቅ ጎማ ገዝታችሁ ስኮርታውን አሮጌውን ከተዋችሁት ደግሞ፣ እሱ ተገጥሞ እያለ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አታስገቡ።