መብራት ከመጣ በኋላ ዓሣ ሲሞት፦ የሲክሊድ ገንዳ ማጣሪያ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር። ሲመጣ ማጣሪያው በደንብ ተነሳ፤ ጠዋት ግን ሲክሊዶቹ (የቆሮሶ ዘመድ የሆኑ ዓሦች) ውሃው ፊት ላይ ወጥተው ያለከልካሉ፣ ስንጥባቸው (መተንፈሻቸው) ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትልልቆቹ ቀድመው ይሞታሉ።

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ «ዓሣዬን በሽታ ገባበት» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። በሽታ አይደለም፤ መድኃኒት አትጨምሩ።

መንስኤው ከገንዳው ሥር የሚቀመጠው ዝግ ማጣሪያ፣ ካኒስተሩ ነው። ስፖንጁና ሴራሚኩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዘኛ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይራሉ፤ ይህን የሚሠሩት በውሃው ውስጥ ባለው ኦክሲጅን ነው። ፓምፑ ሲቆም በታሸገው ዕቃ ውስጥ ያለችው ኦክሲጅን ቶሎ ታልቃለች። ባክቴሪያው መሞት፣ የተጠራቀመው ቆሻሻም ያለ አየር መበስበስ ይጀምራል። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ያንን መርዝ እንዳለ ወደ ገንዳው ይገፋዋል። ክዳኑ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ሌላ ማረጋገጫ አትፈልጉ።

ሁለት ነገሮች ያባብሱታል። አንደኛው ከፍታ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆንም፣ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ሁለተኛው ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ፣ ነው። ለማላዊ ሐይቅ ሲክሊድ ተብሎ ፒኤቹ 8 የደረሰ ውሃ ውስጥ ያለው አሞኒያ፣ ፒኤች 7 ላይ ካለው እኩል መጠን አሞኒያ አሥር እጥፍ ያህል መርዘኛ ነው።

ተደጋግሞ የሚታየው እንዲህ ነው፦ 300 ሊትር ገንዳ፣ ውድ ካኒስተር፣ በደንብ የተቀለቡ ዓሦች። መብራት ማታ ሄዶ ሊነጋጋ ሲል ይመጣል። ባለቤቱ የሞቱትን ያወጣና ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ ፈትጎ ያጥባል። የተረፈውን ባክቴሪያ ክሎሪኑ ይጨርሰዋል። «ደከሙ» ብሎ ምግብ ይጨምራል። አሞኒያው ሽቅብ ይወጣል፣ የተረፉትም በቀጣዮቹ ቀናት ያልቃሉ። ከመጀመሪያው ሞት ይልቅ ብዙ ዓሣ የሚፈጀው ይህ ሁለተኛው ስህተት ነው።

መፍትሄ፦ መብራት እንደሄደ የካኒስተሩን ሶኬት ንቀሉ። ይህን ካላደረጋችሁ እናንተ ተኝታችሁ ራሱ ይነሳል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ክዳኑን ክፈቱ፣ ውስጡ ያለውን ውሃ ድፉ። ከገንዳው በባልዲ በተቀዳ ውሃ ስፖንጁን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፤ ሴራሚኩን ነከር አድርጎ ማውጣት ይበቃል። መብራቱ ገና ካልመጣ ሴራሚኩን በመረብ ከረጢት አድርጋችሁ ገንዳው ውስጥ አንጠልጥሉ፣ በየሩብ ሰዓቱም በጆግ ውሃ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ። መብራት ሲመጣ አዲስ የገንዳ ውሃ ሞልታችሁ አስነሱ።

መርዙ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ከሆነ ከውሃው ግማሹን ያህል ቀይሩ፤ የምትጨምሩት ክሎሪኑ የወጣለት፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ሁለት ቀን ምግብ አትስጡ። ሲክሊድ በሁለት ቀን ጾም አይሞትም።

አዲስ ለሚገዛ ሰው ምክራችን ይህ ነው፦ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ካኒስተር ብቻውን አይሁን። ለ200 ሊትር ገንዳ በአየር ፓምፕ የሚሠሩ ሁለት ትልልቅ የስፖንጅ ማጣሪያዎች መሠረት ይሁኑ፤ ቆሻሻ የሚሰበስብ የውስጥ ፓምፕ ወይም ካኒስተር በላያቸው ይጨመር። ስፖንጅ ክፍት ስለሆነ ሲቆም አይታፈንም፤ አየር ፓምፑም ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚበላ በባትሪ ያድራል። 1 ዋት የምትወስድ የዩኤስቢ አየር ፓምፕ ባለ 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ፓወር ባንክ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራለች። አንዳንድ ፓወር ባንክ ግን የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆንበት ራሱን ያጠፋል፤ ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ሞክሩት እንጂ በጨለማ አትመኑት።

ካርቶኑ ላይ «1,000 ሊትር በሰዓት» የሚለው ቁጥር ያለ ስፖንጅ፣ ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋ የተለካ ነው። ሥራ ላይ ግማሹ ሊሆን ይችላል። ሲክሊድ ብዙ በልቶ ብዙ ስለሚያቆሽሽ የገንዳው ውሃ በሰዓት ከ5 እስከ 8 ጊዜ ያህል ይዙር፤ ለ200 ሊትር 1,000 ሊትር ተብሎ የተሸጠ ፓምፕ አይበቃም ማለት ነው።

ለሴራሚክ ገንዘብ ያጠረው ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ጠጠር ይጠቀም። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ለይቶ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አጥቦ። ሲሚንቶ የነካው የግንባታ ክምር ውስጥ ግን እንዳትዝቁ! ሲሚንቶ ፒኤቹን ያንረዋል።

ምልክት፦ መብራት ሲሄድ ወለሉ ውሃ ሆነ፣ አየር ፓምፑም ተቃጠለ። ፓምፑ ከውሃው ልክ በታች ተቀምጧል፤ ውሃው በቀጭኗ ቱቦ ወደ ኋላ ወርዶበታል። ከውሃው በላይ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፣ ቱቦው ላይም አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አስገቡ። በርካሽ የሚሸጡት ቫልቮች ብዙዎቹ ከወራት በኋላ ያሳልፋሉ፤ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በሁለቱም በኩል ንፉባቸው።

ምልክት፦ በጠጠሩ ሥር የተዘረጋው ማጣሪያ ውሃውን አያጠራም። ለሲክሊድ መግዛት አልነበረባችሁም። የጣናው ቆሮሶ ራሱ ሲክሊድ ነው፤ ወንዱ ለመራባት ወለሉን ቆፍሮ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ገንዳ ውስጥም ቆፋሪዎቹ ጠጠሩን ገፍተው ንጣፉን ይገልጡታል፣ ውሃው በጠጠሩ መሃል ሳይሆን በተገለጠው በኩል ያልፋል። አውጡት።

የዓሣ ጫጩቶች እየጠፉ ከሆነ የማጣሪያው መሳቢያ አፍ እየዋጣቸው ይሆናል፤ ሸካራ ስፖንጅ አልብሱት፣ በየሳምንቱም እጠቡት።

በአዲስ ገንዳ ሁለተኛ ሳምንት ውሃው ወተት ከመሰለ ባክቴሪያው ገና እየሰፈረ ነው። ምግብ ቀንሱ፣ ማጣሪያውን አትንኩ። ባክቴሪያው ሰፍሮ እስኪያበቃ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ማሞቂያ የሌለው ሰው ከዚያም በላይ ይጠብቅ፣ ባክቴሪያው በብርድ ይዘገያል።

በክረምት ከሐይቁ የተቀዳ ውሃ ስፖንጁን በደለል ይደፍነዋል። በርሜል ውስጥ አሳድሩትና ከላይ ከላዩ ቅዱ።

ፓምፑ እያጉረመረመ ካልዞረ ኢምፔለሩን (ውሃ የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክንፍ) አውጥታችሁ በጥርስ ብሩሽ አጽዱት፤ ዘንጉ ከተበላ ይቀየር። ለ110 ቮልት የተሠራ ዕቃ ከውጭ ቢመጣላችሁ ሶኬቱን ቀይራችሁ አትሰኩት፣ ይቃጠላል።

ካኒስተሩ በክዳኑ በኩል የሚያንጠባጥብ ከሆነ ኦሪንጉን (የክዳኑን የጎማ ቀለበት) አጽድታችሁ ሲሊኮን ግሪስ ቀቡት። ቫዝሊን ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል።