የድሮ ጥለት ወደ አዲስ ሸማ ሲዞር የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

ጥሩ የድሮ ጥለት ከእናት ሳጥን ብቻ አይደለም የሚገኘው። ልዋጮች በፕላስቲክ ሳፋና በብርጭቆ ቀይረው ከየቤቱ በሚሰበስቡት አሮጌ ልብስ ውስጥ፣ ነጩ አልቆ ጥለቱ ገና ያልደከመ ነጠላና ቀሚስ ይወጣል። ነጩ ስስ ነው፤ ጥለቱን ግን ሸማኔው በድሩ መሀል ተጨማሪ ባለቀለም ክር እያስገባ ስለሚጠቀጥቀው ዕድሜው ይረዝማል። ለዚህ ነው ቆርጦ አዲስ ሸማ ላይ ማዞር የሚያዋጣው። መቁረጥና መስፋት እንደምታውቁ ቆጥሬ፣ ደጋግመው እጄ ላይ የሚመጡትን ብልሽቶች ልንገራችሁ።

ነጩ ሲያዝ ይቀደዳል

ጨርቁን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ድምፅ አውጥቶ ከተሰነጠቀ አልቆለታል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የበረኪና ነው። ጥለቱን ብቻ አውጡና ነጩን ተዉት። «ብል በላው» የሚሉ አሉ። ብል የሚፈልገው ሱፍና ጠጉር ነው፤ በርኖሳችሁን ከእሱ ጠብቁ፣ ንጹሕ ጥጥ ግን ምግቡ አይደለም።

ጥለቱ ሲቆረጥ ይተረተራል

መቀስ ከመንካቱ በፊት ከጥለቱ ግራና ቀኝ 2 ሴንቲሜትር ነጭ አስተርፉና ዳሩን በዚግዛግ ስፉት፤ መቁረጥ ከዚያ በኋላ ነው። ከጀርባው የተንጠለጠለውን ክር «ለማጽዳት» ብላችሁ አትቀንጥቡ። ያ ክር ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የሚሻገር ነው፤ ሲቆረጥ ከፊት ያለው ጌጥ ይለቃል፣ ተመልሶም አይያዝም።

ከጥለቱ በላይ ያለው ነጭ ተሸበሸበ

ከሚመጡልኝ ልብሶች የሚበዛው ይኸኛው ነው። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ የተሸበሸበው ከስፌት መኪናው ሲወጣ ነው ወይስ ከታጠበ በኋላ?

ከመኪናው ሲወጣ ከሆነ የስፌት ጉዳይ ነው። ወይ የመኪናው ክር ጠብቋል፣ ወይ መርፌው ወፍራም ነው፣ ወይ ሰፊው ጥለቱን እየጎተተ ሰፍቶታል። ለሸማ 11 ቁጥር መርፌ ይበቃል፤ ለጂንስ የሚሆነው 16 ቁጥር የድሮውን ፈትል እየበጠሰ ነው የሚያልፈው። ስፌቱን ወደ 3 ሚሊሜትር አርዝሙት፣ ክሩን አላሉት፣ ጥለቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በእጅ ራቅ ራቅ ባለ ጊዜያዊ ስፌት ካያያዛችሁ በኋላ ወደ መኪናው ውሰዱት።

ከታጠበ በኋላ ከሆነ ግን መርፌ ብትቀይሩ ለውጥ የለውም። አዲሱ ሸማ ገብቶ ነው። ድሩ ሸማኔው ጋ ተወጥሮ ነው የተሠራው፤ ውኃ ሲነካው ውጥረቱ ይለቃል፣ ማጉም ይሰበሰባል። የድሮው ጥለት ለዓመታት ታጥቦ መግባት ያለበትን ያህል ገብቷል። የማይገባውንና የሚገባውን አንድ ላይ ሰፍታችሁ ስታጥቡ ነጩ ይሰበሰባል፣ ጥለቱ እንደ ፓፓዬ ሆድ ወደ ውጭ ያብጣል።

እንዲህ የሆነ የመልስ ቀሚስ መጥቶልኝ ነበር። ሙሽራዋ የእናቷን ጥለት ነው ያሰፋችው። ሰፊው ሲሸበሸብ ያየውን በእንፋሎት ካውያ ጨፍልቆ መለሰላት። ካውያ ያስተኛዋል እንጂ አይፈውሰውም፤ በሁለተኛው እጥበት ከበፊቱ ብሶ ተነሣ። ጫፉን ሁሉ ቆርጦ ስለጨረሰው ትርፍ ጨርቅ እንኳ አልነበረም። ጥለቱን ፈትቼ ነጩን ብቻውን አጠብኩት፤ ዙሪያው ሲለካ ጥለቱ በስንዝር በለጠ። ትርፉን የጎን ስፌቱ ላይ፣ አበባው ከአበባው በሚገናኝበት ቦታ አስገብቼ ዘጋሁት። እንዲህ የሚድነው ጥለቱ ሲረዝም ነው። ሲያጥር መጨመሪያ ከየት ይመጣል?

ሌላዋ ደንበኛ አሜሪካ ነው ያለችው፤ በሙቅ ውኃ አጥባ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከታዋለች። እባካችሁ ፈትልን ማድረቂያ ውስጥ አትክተቱ። በእጅ የተፈተለ ማግ ያን ሙቀትና መናጥ አይችልም።

መፍትሄው ከመስፋት በፊት ነው ያለው። አዲሱ ሸማ ላይ በቀለም ክር ጎንና ጎኑ 50 ሴንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ምልክት አድርጉ። ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፣ ሳትጠመዝዙ ጥላ ላይ አድርቁት፣ እርጥበቱ ሳያልቅ ተኩሱት፤ ከዚያ ለኩ። ከ50ው ላይ 2 ሴንቲሜትር ከገባ፣ 3 ሜትር በሚዞር የቀሚስ ጫፍ ላይ 12 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ደግማችሁ እጠቡና ለኩ። ቁጥሩ መቀነሱን ሲያቆም ብቻ ስፉ። «ጊዜ የለም፣ ሠርጉ ቅዳሜ ነው» የሚል ሰፊ ሲገጥማችሁ ጨርቁን ይዛችሁ ቤት ሂዱና ራሳችሁ አጥባችሁ አምጡለት። ጨርቅ ስትገዙም ለሚገባው ጨምራችሁ ግዙ።

የጥለቱ ቀለም ነጩ ላይ ለቀቀ

ቀይና ጥቁር ናቸው ብዙውን ጊዜ የሚያጠፉት። ከመስፋታችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ከጥለቱ ጀርባ ላይ ጫን አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ፣ ጥለቱን ብቻውን በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ውኃው እስኪጠራ እየቀያየራችሁ እጠቡ። መልቀቁን ካላቆመ ነጭ ላይ አትስፉት፤ ጥቁር ሸማ ላይ አድርጉት፣ ያምርበታል።

ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛል የሚባለውን አትስሙ። እነሱ የሚጠቅሙት ጨርቅ በሚቀለምበት ጊዜ ነው፤ ተቀልሞ ያለቀውን አይዙትም።

ለቅቆ ከሆነ ሳይደርቅ ድረሱበት። እርጥብ አድርጋችሁ አጥፋችሁ አታስቀምጡ፣ አትተኩሱ፣ በረኪና አታስጠጉ። ሰፊ ሳፋ በውኃ ሞልታችሁ ትንሽ ኦሞ ጨምሩ፣ ልብሱ ዘና ብሎ ይንሳፈፍ፣ ውኃው ሲቀላ ለውጡት። በአንዲት ትንሽ ባልዲ ተጨናንቆ ከተዘፈዘፈ የለቀቀው ቀለም ተመልሶ እዚያው ይገባል።

ሌሎች

የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ክር ያለው ጥለት ካውያ ሲነካው ከተጨማደደ፣ ክሩ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀልጧል፤ አይመለስም። ሌላውን በጀርባው በኩል፣ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ተኩሱ።

ቡናማ ነጥብ የመርፌ ቁልፍ ዝገት ነው። ነጩ ላይ ብቻ ሎሚና ጨው አድርጉ፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቁ። ጥለቱን እንዳይነካ።

በእጥፋቱ ላይ ቢጫ መስመር ያወጣ ልብስ እንጨት ሳጥን ውስጥ፣ እጥፋቱ ሳይቀየር ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ነው። በኦሞ ዘፍዝፉት፣ ፀሐይ ላይ ስጡት። መልሳችሁ ስታስቀምጡት ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከእንጨቱ ይለየው፤ ጥለቱም ሳይታጠፍ ይጠቅለል።