ባቄላና ወይራን በአንድ ጓሮ ማልማት፦ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ መሬት ላላቸው

በጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ጠባብ ጓሮዬ፣ ባቄላ በዘራሁበት የሰኔ ሳምንት ከጠርዟ ላይ ሦስት የወይራ ችግኞችም ተክዬ ነበር። ባቄላው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተወቅቶ ቤት ገባ። ከሦስቱ ወይራዎች ሁለቱን ፍየል በላቸው፤ የተረፈው አንዱ ዛሬ በሰባተኛ ዓመቱ ከእኔ ቁመት እምብዛም አይበልጥም። ይህን መመሪያ የምጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ትንሽ መሬት ያለው ሰው ሁለቱን በአንድ ይዞታ ላይ ሲያለማ እያንዳንዱ የሚፈልገውን ለይቶ እንዲያውቅ ነው፤ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ባቄላን ዘርቶ እስከ አጨዳ ከመርሳትና ወይራን ተክሎ በሁለተኛው ዓመት ተስፋ ከመቁረጥ ነውና።

ፈጥኖ የሚደርስ አዝመራን ከዝግተኛ ዛፍ ጋር ማነጻጸር ሲፈለግ በአውሮፓና በአሜሪካ ዘንድ ቶሎ የሚጠቀሰው ኦክ የተባለው ዛፍ ነው። ኦክ ግን በአገራችን በተፈጥሮ ስለማይበቅል፣ እንጨቱ እንደ እሱ ጠንካራ፣ ዕድሜውም ረጅም የሆነውን የእኛኑ ወይራ በቦታው አስገብቻለሁ። ሦስቱም ባለ ሁለት ክክ (ዘራቸው ለሁለት የሚከፈል) ተክሎች ቢሆኑም በዘር አያያዛቸው ፈጽሞ ይለያያሉ። የባቄላ ፍሬ በደንብ ከደረቀና ከነቀዝ ከተጠበቀ እስከ መጪው ክረምት ያለ ችግር ይቆያል፤ የኦክ ፍሬ ግን ከደረቀ ይሞታል፣ ስለዚህም እርጥበቱ ሳይጠፋ መዘራት አለበት። ወይራ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር እንደ ድንጋይ በጠነከረ ቅርፊት ስለተዘጋ፣ ሰው ካልረዳው ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል።

ቦታን በተመለከተ፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ቁልቁል ያለችው ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። ባቄላ የደጋ ሰብል ነው፤ በአመዛኙ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይለማል። ስለዚህ ለደሴ፣ ለኩታበርና ለቦሩ ሜዳ የተመቸ ሲሆን፣ ኮምቦልቻ ላይ የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ይደርስና ሙቀቱ አበባውን ያረግፈዋል። የኮምቦልቻ ሰው በባቄላ ፈንታ ቦሎቄ ቢዘራ ይሻለዋል። ይሁን እንጂ ቦሎቄ ሲበቅል ክኮቹን ተሸክሞ ከአፈር በላይ ስለሚወጣ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ ከተዘራ ወይም ከተዘራ በኋላ ዝናብ የመታው መሬት ደርቆ ከጠነከረ አንገቱ ይሰበራል፤ የባቄላ ክክ ግን ከመሬት በታች ስለሚቀር ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቢቀበር ግድ የለውም። ወይራ በሁለቱም ከተሞች ይበቅላል።

ባቄላ ከመዘራቱ በፊት ዘሩን መፈተን ተገቢ ነው፤ ለዚህም በቆልት ማዘጋጀት የሚችል ሰው ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም። ሃምሳ ፍሬ ቆጥሮ አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለጥቂት ቀናት ማስቀመጥና የጎነቆሉትን መቁጠር ይበቃል። ከአርባ አምስት በታች ከሆኑ የዘሩን መጠን መጨመር፣ ከሠላሳ አምስት በታች ከሆኑ ደግሞ ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል፤ የጎነቆለውን ቤተሰብ ይበላዋል። በመስመር ሲዘራ በመስመሮች መካከል 40፣ በተክሎች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። በዚህ ስሌት 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነች መደብ 2,500 ያህል ፍሬ ትወስዳለች፤ ይህም እንደ ፍሬው ትልቅነት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ነው። ጊዜው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ የዘገየ ባቄላ ፍሬ ሳይቋጥር የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይደርስበታል።

ባቄላ የማይታገሠው ትልቁ ነገር ሥሩ ላይ የሚቆም ውኃ ነው። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ከጓሮዬ ዝቅ ብሎ ባለው የዋልካ (ውኃ የሚቋጥር ጥቁር ጭቃማ) መሬት ላይ ሳላጠነፍፍ ዘርቼ፣ ሐምሌ ሳያልቅ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሥሩ እንደ ተቀቀለ ጎመን በእጄ ላይ ሲበጠስ አይቻለሁ። በዋልካ ላይ የሚዘራ ሰው ሰፋና ከፍ ያሉ መደቦች አውጥቶ በመካከላቸው የውኃ መውረጃ ቦይ መክፈት አለበት። ዋልኪ የተባለው የተሻሻለ ዝርያ እንዲህ ላለው መሬት ታስቦ የወጣ ስለሆነ፣ ከተገኘ እሱን መምረጥ ይበጃል።

ማዳበሪያን በሚመለከት ባቄላ ናይትሮጅንን ከአየር የሚወስድለት ባክቴሪያ በሥሩ እባጮች ውስጥ ስለሚኖር፣ ዩሪያ ማብዛት ቅጠሉን ያሳምረው ይሆናል እንጂ ፍሬ አይጨምርም። ባክቴሪያው ሥራ ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ማበብ ሲጀምር አንድ እግር በአካፋ ከነአፈሩ ይነሣና ሥሩ በውኃ ቀስ ብሎ ይታጠባል፤ ከዚያ አንዱ እባጭ በጥፍር ይሰነጠቃል። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ካለ ሥራው እየሄደ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን በመጪው ዓመት ዘሩን ይህንኑ ባክቴሪያ በያዘ ባዮ ማዳበሪያ ማሸት ያስፈልጋል። ይህም በጥላ ሥር ተሠርቶ ወዲያው መዘራት አለበት፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋልና።

ለደቡብ ወሎ ሰው ሳላስጠነቅቅ የማላልፈው ኦሮባንኪ የተባለውን ጥገኛ አረም ነው። ይህ አረም አረንጓዴ ቅጠል የለውም፤ ከባቄላው ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጠምጥና ገርጣ ያለ አገዳ አውጥቶ ነጣ ያለ አበባ ያብባል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን አንዱ ተክል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዘር ያወጣል፣ ያም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ዘር ከመቋጠሩ በፊት ነቅሎ ማቃጠል ግዴታ ነው፤ ለከብት መስጠት ግን አይገባም፤ ዘሩ በፋንድያ ተመልሶ ማሳ ይገባልና። የተበከለ ማሳ ላይ ባቄላን በስንዴ፣ በገብስ ወይም በጤፍ ማፈራረቅ፣ ከጎረቤት የሚመጣ ዘርንም ከየትኛው ማሳ እንደተወሰደ መጠየቅ ይገባል። ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የሚያወጣው በሽታ በዝናባማ ዓመት ይበረታል፤ እሱን ለመቀነስ ባቄላው ከበቀለ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ተራውን አረም አንሥቶ አየር እንዲገባ ማድረግ ይጠቅማል።

ወይራ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይፈልጋል። ፍሬው ጠቁሮ ሲበስል ተለቅሞ ሥጋው ታሽቶ ይወጣለታል፤ ከዚያም የዘሩ ሹል ጫፍ ብቻ በጥንቃቄ ይሰበርና በውኃ ተዘፍዝፎ በአሸዋማ አፈር ይዘራል። ከወር እስከ ሦስት ወር ሊያስጠብቅ ስለሚችል መደቡን ቶሎ ገልብጦ ሌላ ነገር መዝራት ስሕተት ነው። ከዚህ የሚቀል መንገድም አለ፤ ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየቁጥቋጦው ሥር ስለሚጥሉት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በመስጊድ ዙሪያ ባሉ ያረጁ ወይራዎች አካባቢ ወፍ ዘራሽ ችግኝ አይጠፋም። አስፈቅዶ፣ በክረምት፣ ሥሩን ከያዘው አፈር ጋር ማንሣት ይቻላል። ከችግኝ ሻጭ የሚገዛ ሰው ግን የፕላስቲኩን ሥር አገላብጦ ይመልከት፤ እኔ ስጣደፍ የገዛሁት አንድ ችግኝ ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ጥምጥም ዞሮ ስለነበር ለሁለት ዓመት አንድ ስንዝር እንኳ አላደገም።

የመትከያው ጉድጓድ ግንቦት ላይ በወርድም በጥልቀትም አንድ ክንድ ያህል ይቆፈራል፤ የላዩ አፈር ለብቻ ይቀመጥና ሲሞላ መጀመሪያ ይመለሳል። ችግኙ ሐምሌ ላይ፣ መሬቱ ጠልቆ ከራሰ በኋላ ይተከላል። ወይራ ድርቅንና ድንጋያማ መሬትን ቢችልም ጨቅላ ሳለ ሁለት በጋ ያህል ውኃ ሊጠጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእሾህ ሊታጠር ይገባል። ትንሽ ቁጥቋጦ አጠገቡ ካለ አይመንጠር፤ ጥላ ይሆነዋል፣ ከፍየልም ይሸሽገዋል።

ሁለቱ በአንድ ጓሮ ሲሆኑ ወይራው በእርከኑ ጠርዝ፣ በተለይም በሰሜኑ በኩል ቢሆን ይመረጣል። ባቄላው ፍሬ በሚሞላበት በመስከረምና በጥቅምት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የዛፉ ጥላ ከመደቡ ውጭ ይወድቃል። በዛፍና በዛፍ መካከል አምስት ሜትር ያህል መተው በቂ ነው።

ስለ ባቄላ ጥቅም ለወሎ ሰው መዘርዘር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው፤ እሸቱ፣ ንፍሮው፣ ሽሮው፣ ፉሉ፣ በጾም ጊዜ ደግሞ ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር የሚብላላው ስልጆ ሁሉም ከዚሁ ፍሬ ይወጣሉ። ገለባው የከብት መኖ ነው። አፈሩን ለሚቀጥለው ገብስ ወይም ስንዴ የሚያዘጋጅ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ስለዚህ ሲታጨድ ከነሥሩ ከመንቀል ይልቅ ከአፈር በላይ ቆርጦ ሥሩን መተው ይሻላል።

የወይራ ጥቅም ዛፉ ከመድረሱ በፊት በትንንሽ ቅርንጫፎች ይጀምራል። እናቴ የወተቱን ቅል ስታጥን የደረቀ የወይራ ስንጣሪ በገል ላይ አጭሳ አፉን ወደ ጭሱ ትደፋውና፣ የቅሉ ጀርባ ለእጇ ሲሞቅ ታነሣዋለች፤ እንዲህ የታጠነ ወተት ሽታው ከሩቅ ይለያል። የጠላ ገንቦም በዚሁ መንገድ ይታጠናል። ቀጭኑ ቅርንጫፍ መፋቂያ፣ ወፈር ያለው ዱላ ይሆናል፤ ግንዱ ሲደርስ ደግሞ ለድግርና ለዕርፍ የሚመረጠው በጥንካሬው ነው። ለዚህ ሁሉ ሲባል ግን ከአምስት ዓመት በታች ያለ ዛፍ ባይነካ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላም በበጋ፣ በተሳለ መጋዝ፣ ከታችኞቹ ቅርንጫፎች በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ ግንዱን ሳይልጡ መቁረጥ ነው።