ፒቢኤክስ ስትፈትሹ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

«ስልክ አይሠራም» ተብሎ ሲጠራ አዲስ ቴክኒሻን መጀመሪያ የሚያደርገውን አውቃለሁ። እጁ ቀጥታ የፒቢኤክሱ (የመሥሪያ ቤቱን ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኘው ማሽን) ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ነው። ይሄን ነገር ተዉ።

ማሽኑን ስታጠፉ በዚያች ደቂቃ የሚያወራ ሁሉ ይቆረጥበታል። የኢዋን መስመር (ብዙ ጥሪ በአንዴ የሚያስተላልፍ ዲጂታል መስመር) ካለ እስከ 30 ጥሪ ማለት ነው። አንዳንዱ ማሽን ላይ የአላርም መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ብልሽቱን የሚነግራችሁ ደግሞ እሱ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ነው። ለዓመታት ሳይጠፋ የሠራ አንዴ ከቀዘቀዘ ላይነሳ ይችላል፤ ካፓሲተሮቹ ደክመዋላ!

ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ይሄው ዓይኔ እያየ ሆነ። የተበላሸው አንድ ኤክስቴንሽን (የውስጥ ስልክ) ብቻ ነበር። ልጁ ማሽኑን አጠፋው፣ በዚያው ቀረ። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ቀን ያለ ስልክ ከረመ። እንግዳ ተቀባይዋ በገዛ ሞባይሏ ደንበኛ ስታስተናግድ ሳይ አንጀቴን በላችው። የኤክስቴንሽኑ ችግር በኋላ ሲታይ ክሮኑ (የስልክ ሽቦዎች የሚገናኙበት ሰሌዳ) ላይ የላላ ሽቦ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ላፕቶፕ አገናኙ። አላርሙን አንብቡ፣ የትኛው ካርድ (ማሽኑ ውስጥ የሚሰካው ሰሌዳ) ሥራ ላይ እንደሆነ፣ የትኛው ከሥራ እንደወጣ እዩ። ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

አረንጓዴ መብራት አይታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ። መብራቱ የሚናገረው ስለ ካርዱ ነው። ከውጭ የሚገባው የአናሎግ መስመር ተቆርጦም ሊበራ ይችላል። መልቲሜትር አውጡ። ማንም የማያወራበት መስመር 48 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ እጀታው ሲነሳ 10 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ባዶ ሽቦውን ግን በእጅ አትያዙ፣ ሲጠራ 90 ቮልት ሊደርስ ይችላል።

ኢዋን ላይ ቢጫ አላርም ሲመጣ ብዙዎች ቴሌ ደውለው ቁጭ ይላሉ። ቢጫ ማለት ወዲያ ማዶ ያለው የእኛን ሲግናል እያገኘ አይደለም ማለት ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን የመላኪያ ገመድና ማገናኛ ፈትሹ።

ካርድ በሥራ ላይ እያለ መንቀልን በተመለከተ ጥፋተኛው እኔም ነኝ። ጀማሪ ሆኜ ፒያሳ አንድ ሕንፃ ላይ ቸኩዬ ነቀልኩ። ስምንት ሰው እያወራ ነበር። አንዷ ታማሚ እናቷን እያናገረች እንደነበር ነገረችኝ። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ካርዱን በሶፍትዌር ከሥራ ውጪ አድርጉት፣ ጥሪዎቹ እስኪያልቁ ጠብቁ፣ ከዚያ ንቀሉ። ማሽኑ ኃይል ላይ እያለ ጭራሽ የማይነቀል ካርድም ስላለ መመሪያውን እዩ።

ካርድ ስትነኩ የእጅ አንቲስታቲክ ማሰሪያውን (የሰውነት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይጎዳ የሚከላከለውን) አድርጉ።

በክረምት ነጎድጓድ ካርድ ከተቃጠለ ደግሞ አዲሱን ወዲያው አትሰኩ። ክሮኑ ላይ ያለውን የመብረቅ መከላከያና የግራውንዱን (ወደ መሬት የሚወርደውን) ሽቦ እዩ። ሽቦው ተቆርጦ ከሆነ በሚቀጥለው ዝናብ አዲሱም ይሄዳል።